ወዲህ ማዶ፣ ወዲያ ማዶ፤ ከሾላ እስከ ለገ ዳዲ የወንዝ ዳር ገበሬዎች ታሪክ ሲዳሰስ

በሰው አገር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የትውልድ ቀዬውን ሰው ድንገት መንገድ ላይ ቢያገኝ «የወንዜ ልጅ!» ብሎ ያቅፈዋል እንጂ «የተራራዬ ልጅ» አይለውም፤ በእጁ ያለው ገንዘብ ለጉዳዩ እንደማይበቃ የተረዳም «ይህስ ወንዝ አያሻግርም» ብሎ ይተወዋል፤ ጢሱ እየታየ፣ የውሻው ጩኸት እየተሰማ፣ እግር ግን ቶሎ የማይደርስበትን መንደር ደግሞ ሁላችንም «ማዶ» እንለዋለን። ቋንቋው ራሱ እንዲህ ሰውን በወንዝ እየቈጠረና አቅምን በመሻገር እየለካ ሲናገር፣ በወንዝ ዳር ስለሚያርሰውና ወንዝ እየተሻገረ ስለሚገበየው ሕዝብ የተጻፈው ታሪክ ግን እጅግ ጥቂት መሆኑ ይህን ዳሰሳ እንድጽፍ አነሣሣኝ። ስለ ነገሥታቱ ዜና መዋዕል አለን፣ ስለ መንገዱና ስለ ድልድዩ የመሐንዲስ መዝገብ አለን፣ ስለ ከተማይቱ አመሠራረት ሊቃውንት የጻፉት ሐተታ አለን፤ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት በዚያው ስፍራ አህያውን እየነዳ በጉልበቱ ውኃ የገባው ገበሬ ግን በእነዚህ ሁሉ መካከል የሚታየው እንደ አላፊ መንገደኛ ብቻ ነው።

የምዳስሰው አገር ሩቅ አይደለም። ከሾላ ገበያ ተነሥቶ በላም በረትና በኮተቤ በኩል፣ የእንጦጦን ሰንሰለት በግራው እያየ ካራን ወጥቶ፣ ወደ ለገ ጣፎና ወደ ለገ ዳዲ ከዚያም ወደ ሰንዳፋ የሚዘልቀው መንገድና በግራ በቀኙ ያለው የእርሻ ምድር ነው። የመንገዱን ስሞች ብቻ በተራ የሚያነብ ሰው፣ ሌላ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ የጥንቱን ኑሮ ግማሽ ታሪክ ያገኛል። ሾላ ገበያተኛ ከጥላው የሚያርፍበት ዛፍ ነው፤ ላም በረት ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ «ካራ» በኦሮምኛ መንገድ ማለት ሲሆን «ለገ» ደግሞ ወንዝ ማለት ነው፤ እንግዲህ ለገ ጣፎም ለገ ዳዲም በቅድሚያ የወንዝ ስሞች ናቸው፣ የመንደርና የከተማ ስም የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ከተማው መለስ ሲሉ ያለውን የቀበናን ስም ብዙዎች «ቀዝቃዛ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ያወጡታል፤ የግንፍሌን ስም ግን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ ገንፍሎ የማያውቅ ወንዝ እንዲህ ተብሎ አይጠራምና። የካ የሚለውም ስም የቱለማ ኦሮሞ ከሆነው ከኤካ ጎሣ የመጣ ነው ይባላል። ዛፍ፣ በረት፣ መንገድ፣ ወንዝ፣ ጎሣ፤ ከእነዚህ ስሞች በአንዱ እንኳ ቤተ መንግሥት የለበትም።

የነገሩ ሁሉ ምክንያት ተራራው ነው። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3200 ሜትር የሚጠጋው የእንጦጦ ሰንሰለት ለሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ድንበር ሆኖ የቆመ ስለሆነ፣ በሰሜን ፊቱ የወረደው ዝናም በሙገር በኩል ዓባይን ተከትሎ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ሲጓዝ፣ በደቡብ ፊቱ የወረደው ደግሞ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ገብቶ መጨረሻው በአፋር በረሃ ውስጥ ያለው የአቤ ሐይቅ ይሆናል። የሾላ መንገድ ደግሞ በዚህ ተራራ ግርጌ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ወንዝና ጅረት ሁሉ አንድ በአንድ አግድም ይቈርጠዋል። ከሰንዳፋ በኩል ተነሥቶ ወደ አራዳ ገበያ የሚመጣ ገበሬ የወንዙን አቅጣጫ ተከትሎ የመሄድ ዕድል የለውም፤ ከፊቱ ሁልጊዜ አንድ ማዶ አለ፤ ያንንም ሲሻገር ሌላ ማዶ ይጠብቀዋል።

ስለ ወንዙ ጊዜ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከማንም አስቀድማ ሥርዓት ሠርታለች። ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በውስጡም ዘርዕና ደመና የሚባለው ክፍል ካለፈ በኋላ፣ ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ያለው ወቅት በመብረቅ፣ በነጐድጓድ፣ በባሕር፣ በአፍላግና በጠል ስም ይጠራል። አፍላግ ማለት ወንዞች ማለት ነው፤ ካህናቱም በቅዳሴያቸው ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ ይማልዳሉ። ይህ የቀን አቈጣጠር ለወንዝ ዳር ገበሬ የመዝሙር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ መንገዱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት መዝገብ ነበር። በመጽሐፈ ኢያሱ እንደተጻፈ የዮርዳኖስ ወንዝ እስከ ዳሩ ሞልቶ የሚፈስሰው በመከር ወራት ነው፤ የእኛ ወንዞች ግን የሚሞሉት በዘርና በአረም ወራት፣ ጎተራው ተሟጦ፣ የእህል ዋጋ በከተማው ሲወደድ ነው፤ የሚጎድሉትም በጥቅምትና በኅዳር፣ ሁሉም ገበሬ አጭዶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ወንዙ ዘግቶ የሚቆየው ዋጋው ሲደላ ነበር፤ በሩን የሚከፍተውም ዋጋው ሲወድቅ። የሸዋ ገበሬ ለምን አልበለጸገም ብለው የሚጠይቁ ብዙ ጸሐፊዎች ምክንያቱን በርስትና በጭሰኝነት፣ በግብርና በማረሻው አሮጌነት ሲፈልጉት አይቻለሁ፤ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን የወንዝና የገበያ አለመገጣጠም ከምክንያቶቹ ተራ ያስገባ ጥቂት ነው። ገበሬው በየዓመቱ ሦስት ወር የሚያህል ከገበያው የተለየ ሰው ነበር።

እህል ተራ ውስጥ ከሾላ ገበያ አጥር ጥግ ተቀምጠው ያገኘኋቸው፣ በለገ ጣፎ በኩል ተወልደው ያደጉ አንድ ሽማግሌ ሙላት እንዴት ይሻገሩ እንደነበር ስጠይቃቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከመሬት ጠጠር አነሡ። «ልጄ፣ ወንዝ ዘሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ይጠየቃል» አሉና ጠጠሩን ከእግራቸው ፊት አስቀመጡ። ውኃው ጫፍ ላይ፣ እርጥቡና ደረቁ በሚለያዩበት መስመር፣ እንዲህ ያለ ጠጠር ያኖሩና ጭነቱን አራግፈው ይቀመጣሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠጠሩ ደረቅ ላይ ከቀረ ወንዙ እየጎደለ ነው፣ ውኃ ከዋጠው ግን ላይኛው አገር እየዘነበ ነውና ማደር ነው። ውኃው ገለባና አረፋ ይዞ ከመጣ፣ ቀለሙም ድንገት ወደ ቡናማ ከዞረ፣ ደራሽ ስለሆነ የገባውም ይወጣል። «ከጉልበት ካለፈ ሴትና ልጅ አይገባም፤ ከወገብ ካለፈ ወንዱም አይገባም፤ ገብቶ የቀረ አለ» ብለው ዝም አሉ፤ እኔም ማን እንደቀረ ለመጠየቅ አፌ አልፈቀደልኝም። ከዚያ በኋላ እጃቸውን እንደ ውኃው አጋድመው፣ አህያው ጭነቱ ከፍ ተደርጎ በጠፍር እንደሚታሰር፣ ፊት የሚገባው ወንዙን የለመደው አህያ እንደሆነ፣ ሰው ደግሞ ዘንጉን ከላይ በኩል ተክሎ ወደ ታች በሰያፍ እንደሚሻገር አሳዩኝ። ይህን የመሰለ ዕውቀት በየትኛውም የመንገድ ሥራ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አላነበብሁም።

ኦሮምኛ ለዚህ ስፍራ «መልካ» የሚል አንድ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ መልካ የወንዝ መሻገሪያና ውኃ መውረጃ ነው። መልካ ቁንጡሬ፣ መልካ ወረር፣ መልካ ጀብዱ እያልን የምንጠራቸው ስሞች በሙሉ ከዚህ የመጡ ናቸው። በኢሬቻም በዓል ዝናሙ ሲያበቃ የሚደረገው «ኢሬቻ መልካ»፣ በበጋው በተራራ ላይ የሚደረገው ደግሞ «ኢሬቻ ቱሉ» ይባላል፤ ብዙ ሽማግሎች እንደሚናገሩት የመልካው ምስጋና አንዱ ምክንያት ክረምቱን በሙላት ተለያይቶ የከረመ ዘመድ ከዘመዱ ጋር በውኃው ዳር እንደገና ለመገናኘት መብቃቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ኢሬቻ በሆራ ፊንፊኔ፣ በአዲስ አበባ መካከል፣ እንደገና በአደባባይ ሲከበር ብዙ የተባለለት ስለ ፖለቲካው ነበር፤ በበዓሉ ውስጥ ያለው የገበሬ ትዝታ፣ ማለትም «ወንዙ ጎደለ፣ እንግዲህ እንተያይ» የሚለው ደስታ፣ በዚያ ሁሉ ንግግር መካከል ጠፍቶ ነበር። በጥር ወር ታቦታቱ ወደ ውኃ ሲወርዱም የተራራውና የወንዙ ልጅ በአንድ ዳር ይሰበሰባል። የሁለቱ በዓላት እምነት የተለያየ ነው፤ የሚደረጉበት ቦታ ግን አንድ መሆኑን ማየት የወንዝ ዳርን ትርጕም ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ፍንጭ ነው።

በዓለምም ቢሆን እንዲሁ ነው። የእንግሊዞች ኦክስፎርድ የበሬ መሻገሪያ፣ የጀርመኖች ፍራንክፈርት የፍራንኮች መሻገሪያ ማለት ነው፤ ቦስፎር የሚባለውም የባሕር ወሽመጥ በጽርእ ቋንቋ የላም መሻገሪያ ማለት ነው። ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር የታገለው በያቦቅ መሻገሪያ ነበር፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ደግሞ የኤፍሬም ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ በአንዲት ቃል አነጋገር ተለይተው እንደሞቱ ተጽፏል። መሻገሪያ መገናኛም መለያም፣ ገበያም ኬላም ነው። በአገራችን በ19ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የጎጃሙ ባሶ የደመቀው ከዓባይ ማዶ ከሚመጡት ነጋዶች የተነሣ ሲሆን፣ ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ የነጋዴው መንገድ ይቋረጥ ነበር። ትልቁ ወንዝ ለሲራራ ነጋዴው ያደረገውን ትንሹ ለገ ጣፎ ለገበሬው አደረገበት፤ ልዩነቱ የሲራራው ነጋዴ በታሪክ ጸሐፊዎች መጠቀሱ ነው።

እንግዲህ ወደ 1879 ዓ.ም. እንምጣ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው ወርደው አዲስ አበባን ሰየሙ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው የመኳንንቱን ሰፈር አሰፋፈር በሰፊው ጽፈዋል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመሬቱን ስሪትና የግብሩን ዓይነት ሰብስቦ ሲያኖር፣ በ1979 ዓ.ም. የከተማይቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አማካይነት የተደረገው ጉባኤ ደግሞ፣ ከእነ ባሕሩ ዘውዴ የቀደምት ሰፈሮች ጥናት ጋር፣ ከተማይቱ ከጦር ሰፈርነት እንዴት እንደወጣች በሚገባ አብራርቷል። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ አክብሮቴም ታላቅ ነው። የሚያዩት ግን ከኮረብታው ላይ ሆነው ነው። ጊቢው ተራራ ላይ፣ የመኳንንቱ ሰፈር ተራራ ላይ፣ ወንዙ በመካከላቸው እንደ ቦይ፤ በወንዙ ዳር ቀድሞ ያርሱ የነበሩት የጉለሌ፣ የኤካና የገላን ሰዎች የት ሄዱ ብሎ ለሚጠይቅ የሚመልሱለት ጥቂት ነው። ከፊሉ ጭሰኛ ሆነ፣ ከፊሉ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ተገፋ፣ ከፊሉም በዚያው በከተማው ውስጥ ስሙንና ቋንቋውን ቀይሮ ቀረ። ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሲመጡ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች በዚሁ በምሥራቁ በኩል ሰፊ ሰፊ ይዞታ ተሰጣቸው፤ ዛሬ ድረስ ሰዉ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» እያለ የሚጠራው ሰፈር ትዝታው ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ መሬት ደንብም ቦታ በግል የሚያዝበትንና የሚሸጥበትን ሥርዓት አመጣ። ገበሬው ከዚህ ሁሉ ድርሻው ስንቅ ማቅረብ ሆነ፤ ስንቁን ለማቅረብ ደግሞ ወንዝ መሻገር ነበረበት።

የሾላ ገበያ ለምን እዚያ ላይ ቆመ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። የከተማው ዋና ገበያ አራዳ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ደግሞ ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ ሁለቱም ከሾላ ሲታዩ ከቀበናና ከግንፍሌ ወዲያ ናቸው። ከምሥራቅ የሚመጣው ገበሬ ለገ ጣፎን ከተሻገረና የካራን ቁልቁለት ከወረደ በኋላ፣ ደክሞትና ቀኑ መሽቶበት ሳለ፣ ዋና ገበያ ለመድረስ ሁለት ወንዝ ይቀረዋል። በክረምት ደግሞ ከእነዚህ ሁለቱ መካከል አንዱ እንደሚሞላ ርግጠኛ ነው። እንግዲህ ሾላ ማለት፣ በእኔ ግምት፣ ገበሬው የቀሩትን ሁለት ወንዞች ላለመሻገር ሲል ጭነቱን ያወረደበት ስፍራ ነው፤ እነርሱን መሻገር የተወው ለከተማው ነጋዴ ነው። ሾላ ዛሬ ከመርካቶ ቀጥሎ ከሚጠሩት የከተማይቱ ገበያዎች አንዱ መሆኑንና ገና ድረስ ሽሮ እህሉ፣ ጌሾው፣ ማሩ፣ ሸክላው፣ ዶሮውና ቅቤው ከገጠር በቀጥታ የሚወርድበት መሆኑን ሳስብ ይህ ግምት ከልቤ አይወጣም።

ቅቤውን ነገር ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም የዚህ ሕዝብ ታሪክ ከምንም ነገር ይልቅ የተጻፈው በቅቤ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅቤ ተራ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ሽታው ነው። ሻጮቹ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያመጡትን ቅቤ በረድፍ ደርድረው፣ ለጋውን ከፊት፣ መካከለኛውን ከአጠገቡ፣ በሳሉን ወደ ኋላ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ገዢዋ እመቤት በጥፍሯ ጫፍ ትንሽ ቈንጥራ፣ በጣቶቿ መካከል አሽታ፣ ወደ አፍንጫዋ ወስዳ ሳትጨርስ «ይሄ ድንች አለበት» ወይም «ይሄስ ለጋ ነው» ብላ ፍርድ ትሰጣለች። ያ ቅቤ ለምን ቅቤ ሆነ? ላሚቱ የሰጠችው ወተት ነው። ወተት ግን አንድ ቀን እንኳ አይታገሥም፤ በቅል ተንጦ ቅቤ የሆነው ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ሳምንትም ቢሆን ይጠብቃል። ስለዚህ ከማዶ ያለችው ባልቴት ምን እንደምትሸጥ የወሰነላት ገበያው ሳይሆን ወንዙ ነበር፤ አሬራውንና አይቡን ለቤቷ አስቀርታ፣ ወንዝ የሚሻገረውን ብቻ ይዛ ትወጣ ነበር።

አሁን የሾላ ወተትን ታሪክ ከዚህ ጋር አያይዘን እናንብበው። በ1939 ዓ.ም. ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የሚባሉ 300 የወተት ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ በዚያን ጊዜ የከተማው ዳርቻ በነበረችው በሾላም የመንግሥት የወተት ርባታ ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ዩኒሴፍ ረድቶ በዚያው በሾላ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ተሠራ፤ መጀመሪያ ከትላልቅ ርባታዎች፣ ኋላም የመሰብሰቢያ ጣቢያዎች በመንገዱ ዳር እየተተከሉ ከአነስተኛ ገበሬዎች ወተት መቀበል ጀመረ። የወተት ልማት ሊቃውንት ይህን ሲጽፉ ስለ ድቅል ከብቱ፣ ስለ ፋብሪካው አቅም፣ በ1971 ዓ.ም. ስለተቋቋመው የወተት ልማት ድርጅት ብዙ ይላሉ። እኔ ግን እጅግ የምደነቅበት ከዚያ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው፤ ወተት ሊሰበሰብ የቻለው በዋናነት መንገዱ ስላለ ነው፤ ጣልያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ለጦሩ ብሎ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የዘረጋው ጥርጊያና በወንዞቹ ላይ የተሠሩት ድልድዮች ባይኖሩ ማንም ገበሬ ወተቱን ሳይንጠው አያድርም ነበር። ድልድይ የመጣበት ዕለት ለወንዝ ዳር ገበሬ ቅቤ ወደ ወተት የተለወጠበት ዕለት ነው። የቤት ውስጥ ሥራም አብሮ ተለወጠ፤ ቅቤ ያወጣችው፣ ገበያ ያወረደችው፣ ገንዘቡንም በመቀነቷ የቋጠረችው ሴት ነበረች፤ የወተቱን ሒሳብ ግን ከጣቢያው የሚቀበለው ብዙ ጊዜ አባወራው ሆነ። ይህን ለውጥ በገጠር ቤት ውስጥ ገብቶ የጻፈ ሰው ቢኖር ምንኛ በወደድሁ።

ድልድይ ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም ለማየት ከሸዋ ወጣ ብለን በጎጃምና በጎንደር መካከል ያለውን የዓባይን ሰባራ ድልድይ ማስታወስ ይበቃል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው የሚባለው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ ወዲህ፣ የሁለቱም ማዶ ሕዝብ ከስድሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በገመድ የሚሳበውን ሰው ሥዕል በአንድ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1994 ዓ.ም. አስጠገነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሙላት መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው፤ ቈይቶም በአካባቢው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በገመድ ሲጎተት የኖረው ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን ያንን መከራ የተሸከመው ለምን ነበር? ገበያ፣ ሠርግ፣ ለቅሶና ጠበል ከማዶ ስለነበሩ ነው። የወንዝ ዳር ማኅበረሰብ ማለት በአንድ ዳር የሚኖር ሕዝብ አይደለም፤ ግማሽ ሕይወቱ ሁልጊዜ ከማዶ ያለ ሕዝብ ነው።

ወደ ሾላ መንገድ ስንመለስ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ግን የከተማው የመስፋፋት ታሪክ ነው። ወደ ከተማው ለሚሻገር ገበሬ የተሠራው ድልድይ ከተማውን ወደ ገበሬው አሻገረው። ከሁሉ በፊት ውኃው ራሱ ተወሰደ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገ ዳዲ ግድብ፣ ኋላም የድሬ ግድብ፣ የማዶውን ወንዝ ይዘው የከተማውን ቧንቧ ሞሉ። ቀጥሎ የየካ አባዶንና የሌሎቹን የጋራ መኖሪያ ቤቶች የያዘው መሬት ትናንት ጤፍና ስንዴ፣ ባቄላና ጓያ የሚዘራበት መረሬ አፈር ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለተነሣ ገበሬ የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ካሳ እንዲከፈል ሲደነግግ፣ በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል። ከፍ ማለቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለቱም በዋናነት የሚቈጥሩት ሰብሉን ነው፤ ደቦውን፣ ከማዶ ያለውን አማች፣ ሰንበቴውን፣ አህያው ያለ ነጂ የሚያውቀውን መሻገሪያ በልኩ ሊተምን የሚችል ኮሚቴ የለም፤ ስለዚህም ገንዘቡን ይዞ የወጣው ብዙ ገበሬ በቀድሞ ማሳው ላይ በተሠራ ሕንጻ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ሲቆም አይተናል። ይህ ያሳዝነኛል፤ በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው አልፈልግም።

ስለ እንጦጦ እናቶች ሳልናገር ባልፍ ዳሰሳው ጎደሎ ይሆናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አድኖ እዚሁ ስፍራዋ ላይ እንድትቀር አደረጋት፤ የማገዶውም ጭነት ግን ከእንስሳ ጀርባ ይልቅ በሴቶች ወገብ ላይ ወደቀ። ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱት እነዚህ ሴቶች ከገበሬው ቀጥሎ ጅረቶቹን በእግራቸው የሚያውቁ ናቸው፤ ሸክማቸውንም በስስ መቀነት ደረታቸው ላይ አስረው፣ ተጎንብሰው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ድንጋዩን እየመረጡ ይሻገራሉ።

ወንዙስ ዛሬ እንዴት ነው? አይሻገሩትም፤ ይዘሉታል፣ አለዚያም አፍንጫቸውን ይዘው በድልድዩ ያልፉታል። የቤትና የፋብሪካ ቆሻሻ ወርዶበት ቀዝቃዛ ተብሎ የተሰየመው ቀበና ቀለሙም ሽታውም ተለውጧል፤ ሆኖም ከታች በኩል፣ ወደ አቃቂ በሚወርዱት ወንዞች ዳር፣ በዚያው ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ አትክልተኞች አሁንም አሉ፤ የሚያመርቱትም በከተማው ገበያዎች ይሸጣል። ተመራማሪዎች በአትክልቱ ውስጥ ስላገኙት ከባድ ብረት ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፤ ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው፤ ከስሕተቱ ቈጥሬ የማስገባው ነገር ቢኖር ወቀሳው ከላይ ቆሻሻውን ከሚጥለው ይልቅ ከታች በሚያጠጣው ገበሬ ላይ መብዛቱ ነው። እነዚህ አትክልተኞች የጥንቱ የወንዝ ዳር እርሻ የመጨረሻ ወራሾች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የካቲት የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ በ29 ቢሊዮን ብር ወጪ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ለማልማት የታቀደ ነበር፤ ወንዙ እንደገና ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ እንዲሆን መታሰቡ ደስ ያሰኛል፤ በዚያ ሁሉ ንድፍ ውስጥ ግን የድሮዎቹ መሻገሪያዎች የትኞቹ እንደነበሩ የሚናገር አንዲት የድንጋይ ጽሕፈት እንኳ ቢኖር እላለሁ።

የመሻገሪያዎቹ ስም የሚገኘው በሽማግሎቹ አፍ ብቻ ነው፤ ካርታ ላይ ወንዙ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ መሻገሪያው የለም። እኔም ከእነዚያ ከጠጠሩ ሽማግሌ ጋር በመስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት ወጥተን በአንድ ወንዝ ዳር ቆምን። አዲስ የተሠራ የግንብ መደገፊያ ነበረ፤ ውኃው ከታች ቀጥኖ ይወርዳል። ሽማግሌው በዘንጋቸው ከግንቡ ሥር ወዳለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያመለከቱ፣ «እዚያ ላይ ነበር አህያዋ ቀድማ የምትወጣው» አሉኝ። ከኋላችን አንዲት ሴት ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በዘንቢል አንጠልጥላ ከሚኒባስ ወረደች፤ ከየት እንደመጣች ጠየቅኋት። «ከማዶ ነው፤ ከወዲያ ማዶ» አለችኝ፣ እጇን ወደ ካራ በኩል ዘርግታ።